ባላንጣዬ የባሕር ዝሆን

የቀናሁት በወንድ ነው፤ ይሄ አያጠያይቅም። ሰው አለመሆኑ ግን ነገሩን አከበደብኝ። ሰው ቢሆን ኖሮ አድራሻውን አፈላልጌ፣ በሩን አንኳኩቼ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከሚስቴ ራስ ውረድ" እለው ነበር። እሱ ግን የሚውለው አላስካ ደሴቶች አጠገብ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ምንም ታክሲ የማይደርስበት ቦታ ነው። ያውም መልከ ጥፉ። አፍንጫው ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ አፉ ድረስ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ፍጡር አንድ ቀን ይበልጠኛል ብሎ ማን ያስባል?

ከመጀመሪያው ልናገር። ሚስቴ አገር ቤት የፊዚክስ መምህርት ነበረች። አሜሪካ ከገባን በኋላ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ፣ ግሮሰሪ ካሸር ስትሆን፣ ከሥራ መልስ ኮሌጅ ስትማር ዓመታት ሄዱ። በሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ዕድል ቀናትና ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የባሕርና የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበሰብበት አንድ ቢሮ በኮንትራት ቀጠራት። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። በየማለዳው ቢጫውን የሜትሮ ባቡር መስመር ይዛ፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ ቀይራ ትሄዳለች። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምውለው ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው የታክሲ ተራ መጠበቂያ ነው፤ እኛ ሎት እንለዋለን። ሥራውን ስታገኝ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። የጫንኩትን ተሳፋሪ ሁሉ "ሚስቴ የአየር ትንበያ ላይ ነው የምትሠራው" እያልኩ አሰለቸው ነበር።

ሥራዋን በደንብ ያስረዳችኝ ቀን የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

"የባሕር ዝሆን ነው፤ ኤሌፋንት ሲል ይሉታል" አለችኝ። "ዳርቻ ላይ ተጋድሞ ሳለ ማደንዘዣ ይወጉትና ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ በማጣበቂያ ይለጥፉበታል። ከዚያ ነቅቶ ባሕር ይገባል። ሲጠልቅ መሣሪያው የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነቱንና ጥልቀቱን ይለካል። ሊተነፍስ ብቅ ሲል የለካውን በሳተላይት ይልካል።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

ይቺ "ለእኔ" ናት እንግዲህ መጀመሪያ የወጋችኝ። ወዲያው አስተካከለችው፤ ለእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቁጥሮቹ ስሕተት እንደሌለባቸው አጣርታ ትንበያ ለሚሠሩት እንደምታስተላልፍ ነገረችኝ። የአየር ጠባይ የሚበስለው ባሕር ላይ ነው አለች። ውሃው ከሥሩ ምን ያህል ሙቀት እንደያዘ ካልታወቀ ከላይ የሚመጣውን ማወቅ ይከብዳል፤ በክረምት ማዕበል መርከብ የማይደፍረው ስፍራ ደግሞ ብዙ ነው። እሱ ግን ይደፍራል። ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ ፊቷ እንዴት እንደበራ አየሁ። እኔ ድፍን አሌክሳንድሪያን በበረዶና በዝናብ ሳካልል ኖሬ እንዲህ በርቶልኝ አያውቅም።

እንስሶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው። ሚስቴ ግን ልቧን የሰጠችው ለአንዱ ነው። ከሌሎቹ ይርቃል፣ ከሌሎቹ ይጠልቃል፣ የሚልከው መረጃ ደግሞ ንጹሕ ነው። "ጎበዝ ነው" ትላለች። እራት ቀርቦ እጃችንን ታጥበን ስልኳ ላይ ካርታውን ትከፍትና "ወጣ" ትለኛለች። ከውሃ ወጣ ማለቷ ነው። "ዛሬ ወደ ምዕራብ ታጠፈ" ትላለች። "ውሃው ከአምናው ይሞቃል" ትላለች። እኔ ወደ ምዕራብ ብታጠፍ የሚያውቅልኝ የለም። አንድ ቅዳሜ ላንግሊ ፓርክ የልጅ ልደት ተጠርተን ኬኩ ሊቆረስ ሲል ሁሉም ሰው ልጁን ያያል፣ እሷ ስልኳን ታያለች፤ ፈገግ ስትል ሳያት ቆሽቴ አረረ።

ሎት ውስጥ ደግሞ ጓደኛዬ አለ፤ የወሎ ልጅ ነው፣ እኔና እሱ ታክሲ የጀመርነው አንድ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሰላም የለኝም። ተራ ይዘን ስንቀመጥ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና "እንዴት ነው፣ ውሽምዬው ዛሬ የት ገባ?" ይለኛል፣ ሌሎቹ እስኪሰሙ። "አፍንጫውን ይዞ መጣ እንዴ?" እኔም ስቄ አልፋለሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ያልቃል፤ እርር ድብን እያልኩ ነበር የምነዳው።

የባሰው የጸሎቱ ነው። ዓርብ ዓርብ ጌይተርስበርግ አንድ ሽማግሌ ቤት ለጸሎት እንሰበሰባለን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሰው። መጨረሻ ላይ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ይላሉ። አንዱ ስለ ሥራ፣ አንዷ ስለ መኖሪያ ወረቀት ጉዳይ፣ አንዷ ስለ ልጇ ትናገራለች። እኔ ስለ ወገቤ አልኩ፤ መኪና ውስጥ መዋል ወገቤን ቆርጦት ነበር። ቀጥላ ሚስቴ ተነሣች። "የምከታተለው አንድ እንስሳ አለ፣ ሰሞኑን ምልክት አልላከም፣ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ቤቱ ሁሉ አዘነ። ሽማግሌው ራሳቸው ለባሕርና በውስጧ ላሉት ሁሉ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። በማግስቱ ምልክት ላከ። በሚቀጥለው ዓርብ ምስጋና ሆነ፣ እልልታው ቀለጠ። ስለ ወገቤ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወገቤም አልተሻለውም።

ያኔ ነው በግልጽ ለራሴ የነገርኩት፤ ቀንቻለሁ አልኩ። አፈርኩ፣ ግን ቀንቻለሁ።

ቅናት ደግሞ ሰውን ያጃጅለዋል። ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር "ዛሬ ከቀትር በፊት ግባ፣ ከባድ በረዶ ይመጣል" አለችኝ።

"ማን አለ? እሱ ነው?" አልኳት።

"እሱ ብቻውን አይደለም፤ ስንት መረጃ ተደምሮ ነው። እሱም ግን አለበት።"

እሱም ግን አለበት! እንግዲህ ባፍንጫዬ ይውጣ ብዬ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቀትር ላይ ጓደኞቼ ሁሉ መኪናቸውን አስነሥተው ወደየቤታቸው ሲገቡ እኔ አንድ ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ግሪንቤልት ነዳሁ። ስመለስ በረዶው ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ያዘኝ። መኪናው ተንሸራቶ ጠርዝ ላይ ቆመ፣ ስልኬ ሞተ፣ ነዳጄ አለቀ። እግሬን አላውቀውም ነበር፣ ብርዱ አደንዝዞት። በመጨረሻ ያ የወሎ ልጅ፣ ደውሎ ሲያጣኝ መንገዴን ገምቶ መጥቶ አወጣኝ። ቤት ገባሁ፣ እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።

እንዲህ እያልን የፀደዩ ወራት ደረሰ። አንድ ማታ ሚስቴ ከሥራ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ቆመች። እነዚህ እንስሶች በዓመት አንድ ጊዜ ዳርቻ ወጥተው ፀጉራቸውን ይቀይራሉ፤ መሣሪያውም ከፀጉሩ ጋር ይወልቃል። እሱ በየዓመቱ የሚመለሰው ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ዳርቻ ነው። እዚያ የሚሠራው ቡድን ሰው ጎድሎት እሷን ጋብዟታል። መሣሪያውን ለማንሣት፣ አዲስ ለመለጠፍ፣ ሰመሩን፣ የሞቃቱን ወራት፣ እዚያ ለመክረም።

"ልታገኚው ነው?" አልኳት።

"ልሠራ ነው" አለች። "ግን አዎ፣ አየዋለሁ።"

"አትሄጂም።"

ይቺን ቃል ተናግሬያት አላውቅም ነበር። እሷም ሰምታት አታውቅም። ካፖርቷን እንደለበሰች መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። ትኬት የምትቆርጥበት ቀን እየቀረበ ነው። ሌሊት አስባለሁ፤ ብትሄድ፣ ያንን ሁሉ ባሕርና ያንን ሁሉ ሳይንስ አይታ ወደ እኔና ወደ ታክሲዬ ምን ይመልሳታል እላለሁ። የፈራሁት ይህን ነው። እንስሳው ሰበብ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በእንስሳውም ቀንቼ ነበር።

መላ ሲጠፋኝ የሀገሬን ልማድ ያዝኩ፤ ሽማግሌ ጠራሁ። ጌይተርስበርግ ኮል አደረግሁና ለሽማግሌው፣ "አባባ፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው። ሌላ ገብቷል" አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። "ወይ ጉድ" አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። ሁለተኛ ሽማግሌ ያደረግሁት ያንን የወሎ ልጅ ነው፤ እሱ ነገሩን ያውቀዋልና እንዳይስቅ አስምዬ አመጣሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። አባባ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አድርገው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ሚስቴን ሲስሟት እንኳ በሐዘን ነበር። እሷ ግራ ገብቷት ሻይ አቀረበች። ተቀመጥን። አባባ ጸሎት አድርገው "እስቲ አንተ ከሳሹ ጀምር" አሉኝ።

"ልቧ ሌላ ጋ ነው" አልኩ። "ጠዋት እሱ፣ ማታ እሱ። አሁን ደግሞ ሰመሩን ሙሉ እሱ ጋ ልከርም አለችኝ።"

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። "እውነት ነው ልጄ? ማነው ሰውዬው?"

"ሰው አይደለም አባባ" አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። "ያ እንኳ የጸለያችሁለት።"

አባባ እኔን አዩኝ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ያ አሳው?" አሉ አባባ።

"አሳ አይደለም አባባ፣ አየር ነው የሚተነፍሰው" አለችና ላፕቶፗን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያ ነው የጠፋሁበት ሰዓት። ካርታውን ከፈተች። ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ የተዘረጋውን መስመር አሳየቻቸው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ብቅ ያለባት ቦታ ናት። አንዱን ነጥብ ነካችና ከሥሩ ያለውን ውሃ አወጣችው፤ ከላይ ሞቅ ብሎ፣ ወደታች እየቀዘቀዘ፣ ብርሃን እስከማይደርስበት። አባባ መነጽራቸውን አወጡ። ጓደኛዬም ወንበሩን እየሳበ ተጠጋ።

"ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ?" አለ።

"በአንድ ትንፋሽ።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚተኛው?"

"እየሰመጠ ያርፋል ብለው ነው የሚገምቱት።"

"እንደኛ ነዋ፣ መሪ ላይ" አለ ጓደኛዬ፣ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ።

"እና ልጄ" አሉ አባባ፣ "ያ ባለፈው ክረምት የወረደው በረዶ፣ ቀድማችሁ ያወቃችሁት፣ በዚህ ነው?"

"በዚህም ነው አባባ። እሱ ትንሽ ያዋጣል፣ ሌላው ትንሽ ያዋጣል።"

"ዕቁብ በሉት" አሉና ሦስቱም ሳቁ። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሻዬ ቀዝቅዟል። ሽማግሌዎቼን ሳይቀር ወሰደብኝ። ደሜ ፈላና "ለዚህ ነው የጠራኋችሁ?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "እኔ እዚህ እየነደድኩ እናንተ ስለ እንቅልፉ ትጠይቃላችሁ? ሚስት አለኝ ብዬ፣ ሚስቴ አውሬ ወዳ ስትሄድብኝ?"

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልክ ነህ፣ ይቅርታ" አሉ። "አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ? ምኑ ነው እንዲህ የወሰደሽ?"

ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም።

"አባባ፣ እርስዎን አልዋሽም" አለች። "እሱ የት እንደዋለ ይነግረኛል። ምን ያህል ወረደ፣ ውሃው ምን ያህል በረደው፣ መቼ ወጣ። ሳልጠይቀው ይልካል። ባሌ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውላል። ማንን እንደጫነ አላውቅም፣ ማን እንደሰደበው አላውቅም። 'እንዴት ዋልክ?' ስለው 'ደህና' ነው የሚለኝ። ዓመቱን ሙሉ ደህና። በዚያ በረዶ ሊሞት ደርሶ እንደነበር የሰማሁት ከራሱ መሰላችሁ?" ወደ ጓደኛዬ በአገጯ አመለከተች። "ከዚህ ነው፣ በወሩ፣ ግሮሰሪ ውስጥ አግኝቶኝ ሲነግረኝ። እግሩ እንዲህ ነበር፣ ስልኩ እንዲህ ነበር ሲለኝ፣ የማውቅ መስሎት፣ እኔ ሽንኩርት ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። እንዳላፍር ብዬ አውቃለሁ አልኩት።"

ጓደኛዬ አሁን አይስቅም። መሬት መሬት ያያል።

"እኔም እኮ ቀንቻለሁ አባባ" አለች። "በእነሱ። ሎት ውስጥ አብረውት በሚውሉት። ለእነሱ ያወራል፣ ይስቃል፤ ሰው ይነግረኛል፣ ባልሽ ጨዋታ አዋቂ ነው ይሉኛል። እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀውም።"

ምን ይዋጠኝ። በቅናት የምነደው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አባባ ብዙ አልተናገሩም። "ትሂድ" አሉ። "ፍርዱ ይኸው ነው። አንተ ግን አሁን እዚሁ ፊታችን ትናንት እንዴት እንደዋልክ ንገራት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስንት ነገር ነበረ። ትናንት አንድ ሰካራም መኪናው ውስጥ አስመልሶብኝ ነበር። ትናንት በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ተሳፋሪውን ሁሉ እየወሰዱት ሎት ውስጥ ተጎልተን ውለናል። አፌን ከፈትኩ።

"ደህና ነበር" አልኩ።

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት። ማንም አልሳቀም። ሚስቴ ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሄደች። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔው ነኝ፤ ሻንጣዋን አወረድኩ፣ አቀፍኳት፣ ተለያየን። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባ ነፋብኝ። ቤቱ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ስትደውል ስለ ዳርቻው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ጠረኑ ትነግረኛለች፤ እኔ አዳምጣለሁ። "አንተስ?" ትለኛለች። "እሱ መጣ?" እላታለሁ። "ገና ነው" ትላለች። በየቀኑ "ገና ነው" ስትለኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሎት ውስጥ ተራ ይዤ ሳለሁ ደወለች። ከፊቴ ሁለት መኪና ብቻ ነበር የቀረው። ነፋሱ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል፤ ከኋላዋ ደግሞ አንድ ነገር ያጓራል፣ ከሆዱ፣ እንደ አሮጌ ሞተር።

"እሱ ነው?" አልኳት።

"እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት መጣ። ስታየው ደንግጠህ ትሮጥ ነበር።" ድምፅዋ ይስቃል። እዚያው ወንበሬ ላይ ያ የማውቀው ቅናት ተነሣብኝ። እሷ እዚያ አጠገቡ ቆማለች፤ እኔ እዚህ። ከዚያ "አንተስ እንዴት ዋልክ?" አለችኝ።

ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

"ጠዋት አንዲት አሮጊት ጭኜ ነበር" አልኩ። "ባሏ ሆስፒታል ነው፤ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች፣ እኔ ምን እንደምላት አጣሁ፣ ሬድዮኑን ብቻ ዘጋሁላት። ከዚያ ወዲህ ማንም አላገኘሁም። ወገቤ ያመኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ሥራ ሊያልቅ ነው፣ አልነገርኩሽም እንጂ ከፈራሁ ቆየሁ። በዚያ በረዶ ቀንም..."

እሱ አጓራ። "አልሰማሁህም" አለችኝ። "በበረዶው ቀን ምን?"

ከፊቴ ያሉት መኪኖች ወጡ። ተራዬ ደረሰ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ጥሩምባውን ነካ አደረገው፣ ሁለት ጊዜ። እጄን በመስኮቱ አውጥቼ እለፉ አልኳቸው። አንድ በአንድ አጠገቤ አለፉ። መስኮቱን ዘጋሁና፣ ያ ፍጡር እያጓራ፣ ከእሱ ድምፅ በላይ ጮክ ብዬ ለሚስቴ ከመጀመሪያው መንገር ጀመርኩ።